ቦስ የተባሉ ሰዎችና መለያ የሌላቸው ቅንጣቶች

ከጥቂት ሳምንታት በፊት መርካቶ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቼ ስፒከር ሳማርጥ፣ ሻጩ ልጅ አንዱን ከመደርደሪያ አውርዶ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና «ጋሼ፣ ይሄን የሠራው ሰውዬ ማን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ። «ሬዲዮን የፈለሰፈው ሕንዳዊ ነው፤ ማርኮኒ ሰረቀው እንጂ። የእግዜርን ቅንጣትም ያገኘው እሱ ነው። ኖቤሉን ሲከለክሉት ተናዶ ይቺን ካምፓኒ ከፈተ።» ከየት ሰማህ ስለው ከሬዲዮ ነው አለ። ጓደኛው የላከለትንም ምስል በስልኩ አሳየኝ፤ ክብ መነጽር ያደረገ፣ የወታደር ቆብ የደፋ ሰው። ከሥሩ «ታላቁ ሳይንቲስት ቦስ» ይላል።

ልጁ ላይ አልፈርድም፤ የሰማውን ነው የነገረኝ። የሚያበሳጨኝ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ አንዲት ደቂቃ ሳያጣራ እንዲህ ያለውን ለሕዝብ የሚያሰራጨው ነው። በዚያች አጭር ወሬ ውስጥ አተሩም ባቄላውም አንድ ላይ እንደተፈጨ ሽሮ አራት ሰዎች አንድ ሆነዋል።

አንድ በአንድ እናውጣቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ፎቶው ላይ ያለው ሱባስ ቻንድራ ቦስ ነው። በ1897 ካታክ በተባለች ከተማ ተወለደ፤ በ1938 የሕንድ ኮንግረስ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሕንድ ብሔራዊ ጦርን እየመራ እንግሊዝን የተዋጋ የፖለቲካ ሰው ነው እንጂ ፊዚክስ ውስጥ የለበትም። ስፒከሩ የአማር ቦስ ነው። አማር የተወለደው በ1929 አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ነው። አባቱ በእንግሊዞች ላይ በማመፁ ሲታደን ከቤንጋል ሸሽቶ የወጣ ሰው ነበር። ልጁ ኤም አይ ቲ ተምሮ፣ እዚያው እያስተማረ ድርጅቱን በ1964 አቋቋመ። የሬዲዮው ወሬ የተነሳው በ1858 ከተወለደው ከጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ ነው። ቦዞን ለሚባሉት ቅንጣቶች ስሙ የተሰጠው ደግሞ በ1894 ካልካታ የተወለደው ሳትየንድራ ናት ቦስ ነው። ጃጋዲሽ ሳትየንድራን በካልካታው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ አስተምሮታል። ዝምድናቸው የመምህርና የተማሪ ነው፤ አባቱም አጎቱም አይደለም።

እኛ በቀላሉ የምንሳሳትበት ምክንያት ይገባኛል። እዚህ አገር ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው፤ ሦስት ሰዎች ሁለተኛ ስማቸው አንድ ሲሆን ወንድማማቾች ይሆኑ እንዴ ብለን እንጠይቃለን። ቦስ ግን የማንም አባት ስም አይደለም። ቤንጋሎች «ቦሹ» ብለው የሚጠሩት፣ በሳንስክሪት «ቫሱ» ከሚለው የመጣ፣ ካያስታ በተባለው ማኅበረሰብ ውስጥ ከትውልድ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ነው። እንግሊዞች በሕንድ በነበሩበት ዘመን በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ቦስ፣ ሌላው ባሱ ብሎ አስመዘገበ። በቤንጋሊ ፊደል ሁለቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቦስና አንድ ባሱ ዘመዳሞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለት ቦሶች ደግሞ ከነጭራሹ ላይተዋወቁ ይችላሉ። የሕንድን ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ የእጅ ጽሑፍ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በሥዕል ያስጌጠው ናንዳላል ቦስም ከእነዚህ ከአራቱ ሌላ ሰው ነው።

ቦታዎቹም እንደ ሰዎቹ ያምታታሉ። የካልካታ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠራው በሱባስ ስም ነው፤ በሕንድ የአንዳማን ደሴቶች ውስጥ በ2018 ስሟ የተለወጠው ሮስ ደሴትም እንዲሁ። ጨረቃ ላይ ያለው ቦስ የተባለ ጉድጓድ የጃጋዲሽ ነው። እዚያው ካልካታ በ1917 የተከፈተውን የቦስ ተቋም የመሠረተው ጃጋዲሽ ሲሆን፣ በከተማዋ ሌላ የምርምር ማዕከል ደግሞ በሳትየንድራ ስም አለ። አድራሻ ሲጠይቁ የመጀመሪያውን ስም መናገር ግድ ነው።

ይህን ያህል ስለ ስም ካልኩ ይበቃል። ልጽፍ የተነሳሁት ሳትየንድራ ስላገኘው ነገር ነው፤ ወሬው ከሁሉ የበለጠ የበደለው እሱን ነውና። ያገኘው ቅንጣት አይደለም። ያገኘው አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። «ቅንጣት» ስንል የጤፍ ወይም የስንዴ ቅንጣት ትዝ ይለናል። የስንዴ ቅንጣት ደግሞ አንዷ ከሌላዋ ትለያለች፤ አንዷ ትሰበራለች፣ አንዷን በጥፍር ምልክት ማድረግ ይቻላል። ከዚህ የተሻለ ቃል ስለሌለኝ እጠቀምበታለሁ፤ ነገር ግን ሳትየንድራ የነቀለው ይህንኑ ግምት፣ ማለትም «ይቺኛዋ» እና «ያቺኛዋ» ማለት ይቻላል የሚለውን ነው።

ከዘውድና ጎፈር እንነሳ። ሁለት ሳንቲም ብንወረውር አራት ውጤት አለ፦ ዘውድ ዘውድ፣ ዘውድ ጎፈር፣ ጎፈር ዘውድ፣ ጎፈር ጎፈር። አንዱ ዘውድ አንዱ ጎፈር የመሆኑ ዕድል ከአራት ሁለት፣ ማለትም ግማሽ ነው። መካከለኞቹን ሁለቱን ለየብቻ የቆጠርናቸው ሳንቲሞቹ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ስለሆኑ ነው። ተፈጥሮ ግን የብርሃንን ቅንጣቶች፣ ፎቶኖችን፣ እንዲህ አትቆጥርም። ለእሷ ያሉት ሦስት ውጤቶች ብቻ ናቸው፦ ሁለት ዘውድ፣ ሁለት ጎፈር፣ አንድ አንድ። ዕድላቸውም እኩል ነው፤ እያንዳንዳቸው ከሦስት አንድ።

ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ያቆሙኛል። «ልዩነቱን ማየት ስላልቻልን ነው እንጂ ሁለት ናቸውኮ!» ይላሉ። አይደለም። ለዚህ ከሁሉ የጠቀመኝ ምሳሌ ገንዘብ ነው። እኔና ባለቤቴ ሁለት ባለ 10 ብር ኖት ብንካፈል ኖቶቹ ቁጥር አላቸው፤ የትኛው እኔ ጋ እንዳለ፣ የትኛው እሷ ጋ እንደሄደ መጠየቅ ይቻላል፤ አከፋፈሉም አራት ዓይነት ነው። ያው 20 ብር ቴሌብር ላይ ቢሆንና አሥር አሥር ብር ብቻ እየቆረጥን ብንላላክስ? ወይ ሁሉም እኔ ጋ ነው፣ ወይ ሁሉም እሷ ጋ ነው፣ ወይ አሥር አሥር ነው፤ ሦስት። «አንቺ ጋ ያለው የትኛው አሥር ብር ነው?» ብዬ ብጠይቃት ጥያቄው ራሱ ትርጉም የለውም። መልሱ የተደበቀ እንዳይመስላችሁ፤ መልስ የሚባል ነገር የለም። ፎቶን ማለት ኖት ሳይሆን ሒሳብ ላይ ያለ ቀሪ ነው። (ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ብቻ ይወስደናል፤ ሦስቱ አከፋፈሎች እኩል ዕድል አላቸው የሚለውን የሚነግረን ቴሌብር ሳይሆን ሙከራ ነው።)

በሁለት ሳንቲም ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ቁጥሩን ከፍ እናድርገው። አሥር እንግዶች መጡ፤ ሳሎንና ጓዳ አለ፤ እያንዳንዱ እንደፈለገ ይገባል። አሥሩም ሳሎን የመገኘታቸው ዕድል ከ1024 አንድ ነው። እንግዶቹ ግን ፎቶኖች ቢሆኑ መቆጠር ያለበት «ሳሎን ስንት አለ?» የሚለው ብቻ ነው፤ ከዜሮ እስከ አሥር፣ 11 መልስ። አሥሩም ሳሎን የመሆናቸው ዕድል ከ11 አንድ ሆነ! ማንም አልጎተታቸውም፤ በመካከላቸው ምንም የሚስብ ኃይል የለም። አቆጣጠሩ ብቻውን አሰባሰባቸው።

ይህንኑ በሌላ መንገድ ማየት ይቻላል፤ እኔ በበኩሌ ይበልጥ የምወደው ይህንን ነው። እንግዶቹን አንድ በአንድ አስገቡ። አዲስ የሚመጣው ወደ ሳሎን የመግባት ዕድሉን ለማግኘት፣ ሳሎን ባሉት ላይ 1 ደምሩ፤ በቤቱ ባሉት ሁሉ ላይ 2 ደምሩ፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። የመጀመሪያው እንግዳ ባዶ ቤት ሲገባ ዕድሉ 1/2 ነው። እሱ ሳሎን ከገባ የሁለተኛው 2/3 ይሆናል፤ የሦስተኛው 3/4፤ እንዲህ እያለ የአሥረኛው 10/11። ሁሉንም አባዙት፤ ላይና ታቹ እየተጣፋ 1/11 ይቀራል፤ ያው መልስ። እንግዲህ በዚህ አቆጣጠር ብዙ ያለበት ቦታ ተጨማሪ የማግኘት ዕድሉ ከፍ ይላል ማለት ነው። ሰርግ ቤት ጭፈራው የደራበት ጥግ ሰው እየጨመረ እንደሚሄደው ነው፤ ባዶው ጥግ ባዶ ይቀራል። የሌዘር ብርሃን የሚፈጠረው በዚሁ ነው። አንድ አቶም ፎቶን ሊለቅ ሲል፣ በአንድ አቅጣጫ አንድ ሺህ ፎቶን ካለ፣ በዚያ አቅጣጫ የመልቀቁ ዕድል ምንም ፎቶን ከሌለበት አቅጣጫ 1001 እጥፍ ይበልጣል። ሁሉም በአንድ መስመር የሚተመው ለዚህ ነው።

ቦዞን የሚባሉት እንዲህ የሚቆጠሩት ናቸው። እንደ ኤሌክትሮን ያሉት ደግሞ ተቃራኒ ናቸው፤ ትርፍ እንደማይጭን ታክሲ አንድ ቦታ አንድ ብቻ። እነሱ ፌርሚዮን ይባላሉ። ስለ እነሱ ሌላ ጊዜ።

ሳትየንድራ ይህን ያገኘው ዳካ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ፣ በሠላሳ ዓመቱ ነው። ይፈታ የነበረው ጥያቄ የፍም ጥያቄ ነው፦ ከሰል ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል፤ በየሙቀቱ ከየቀለሙ ምን ያህል ብርሃን ይወጣል? ማክስ ፕላንክ ትክክለኛውን ቀመር በ1900 ሰጥቶ ነበር፤ ግን የቀመሩ ማስረጃ ግማሽ እግሩ በአሮጌው የሞገድ ትምህርት ላይ ነበር። ሳትየንድራ ሞገዱን ትቶ ፎቶኖችን በየክፍላቸው ብቻ ቆጠረ፤ የፕላንክም ቀመር ወጣ። በሰኔ 1924 ጽሑፉን ከደብዳቤ ጋር ለአይንስታይን ላከ። አይንስታይን ራሱ ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ በዚያው ዓመት አሳተመለት፤ ወዲያውም አቆጣጠሩ ለአቶሞችም ይሠራል ብሎ ገፋበት። ጋዝን በጣም ብናቀዘቅዝ፣ አለ፣ አቶሞቹ ተግተልትለው ከሁሉ ዝቅተኛ ጉልበት ያለው ክፍል ይገባሉ። ዛሬ የቦስና የአይንስታይን እርጋታ የምለው ይህንን ነው። («ኮንደንሴሽን» ለሚለው የሚስማማ አማርኛ ፈልጌ አላረካኝም። «ጤዛ» እንዳንል ጤዛ በዓይን ይታያል፤ «እርጋታ» እንደሚረጋ ወተት ስለሆነ ለጊዜው ይሻላል።)

ሰባ ዓመት ፈጀ። በሰኔ 1995 ኤሪክ ኮርኔልና ካርል ዊማን በቦልደር፣ ኮሎራዶ፣ የሩቢዲየም አቶሞችን ከፍጹም ዜሮ በላይ በአንድ ዲግሪ 170 ቢሊዮንኛ እስኪሆን አቀዘቀዙ። ወደ ሁለት ሺህ የሚሆኑ አቶሞች ረጉ። አቶም ሲዘገይ ሞገዱ ይሰፋል፤ ሞገዱ በአቶሞች መካከል ካለው ርቀት ሲበልጥ አንዱ ሌላው ላይ ይደረባል፤ «ይኼኛው» ማለት ያበቃል። ግን ሩቢዲየም ፎቶን አይደለም፤ ውስጡ በፌርሚዮኖች የተሞላ ነው። ታዲያ እንዴት ቦዞን ሆነ? ቁጠሩት፦ 37 ፕሮቶን፣ 50 ኒውትሮን፣ 37 ኤሌክትሮን፤ ድምሩ 124። ሙሉ ቁጥር ነው፤ ሙሉ ከሆነ ቦዞን፣ ጎዶሎ ከሆነ ፌርሚዮን። ሂሊየም ደግሞ ሁለት ዓይነት አለው። አራት የተባለው 6 ነው፣ ሦስት የተባለው 5። አንዲት ኒውትሮን ብቻ ነች የጎደለችው። የመጀመሪያው ከፍጹም ዜሮ 2.17 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ያለ ሰበቃ የሚፈስ ፈሳሽ ይሆናል፤ ሁለተኛው እዚያ ለመድረስ ከአንድ ዲግሪ ጥቂት ሺኛ ድረስ መውረድና ጥንድ ጥንድ መሆን አለበት። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረዳሁ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እዚህ ላይ ግን ራሴን ልገድብ፤ በሙያዬ ውስጥ ያልተቋጩ ክርክሮች ያሉት እዚሁ ነውና። ሂሊየም አራት ያለ ሰበቃ የሚፈሰው ስለረጋ ነው ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር መዝጋት ልክ አይደለም። አቶሞቹ እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚገፋፉ፣ ሙሉ ፈሳሹ ያለ ሰበቃ በሚፈስበት ቅዝቃዜ እንኳ የረጋው ከአሥር እጅ አንድ እጅ አይሞላም፤ ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የታሪኩም ጉዳይ አለ። ሳትየንድራ በ1924ቱ ጽሑፉ «ፎቶኖች አይለዩም» ብሎ በግልጽ አልጻፈም፤ የቆጠረው ስንት ክፍል ስንት ፎቶን እንደያዘ ነው። አቆጣጠሩ ቅንጣቶቹን አንዱን ከሌላው ጋር እንደሚያስተሳስር ጎልቶ የወጣው የፊዚክስ ሊቁ ኤረንፈስት ሲተችና አይንስታይን ሲመልስ ነው። ስለዚህ ሳትየንድራ የሠራው ምን ያህል ገብቶት ነበር? የታሪክ ጸሐፊዎች አልተስማሙም። በቀመሩ ውስጥ ያለው ሁለት እጥፍ የሚያደርግ ቁጥርም ሌላ ክርክር አለው፤ «የፎቶንን ሽክርክሪት አስቀድሜ አስቤው ነበር፣ አይንስታይን ሰረዘው» የሚለው የመጣው ሳትየንድራ በስተርጅና ካወራው ነው፤ ከትዝታ በላይ ማስረጃ አድርጌ አልወስደውም።

አሁን ወደ «እግዜር ቅንጣት»። ስያሜው በ1993 ሊዮን ሌደርማን ካሳተመው መጽሐፍ የመጣ ነው፤ አብዛኞቻችን አንወደውም። ቅንጣቱ ሂግስ ቦዞን ይባላል፤ ሐሳቡ በ1964 ተጻፈ፤ ሐምሌ 4 ቀን 2012 የአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ሰርን መገኘቱን አስታወቀ። ሳትየንድራ የሞተው በ1974 ነው። ቦዞን የምድብ ስም ነው፤ ስሙን ያወጣውም ፖል ዲራክ ነው። ፎቶን በምድቡ ውስጥ ነው፣ ግሉዎን ውስጡ ነው፣ ሂግስም ውስጡ ነው። ሳትየንድራ ሂግስን አገኘ ማለት «አጥቢ እንስሳት» የሚለውን ምድብ ያወጣ ሰው ዋሊያን አገኘ እንደማለት ነው። ኖቤልን በተመለከተ ከአንድ ጊዜ በላይ ተጠቁሟል፣ አልተሰጠውም፤ የእርጋታውን ሙከራ የሠሩት ግን በ2001 ወስደዋል። ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ። ተሰረቀ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ተናዶ ፋብሪካ አልከፈተም፤ በ1948 በቤንጋሊ ቋንቋ ሳይንስን የሚያስተምር ማኅበር መሠረተ፣ በቤንጋሊ የሳይንስ መጽሔት አስጀመረ። ገበሬው ልጁ የሚማረውን እንዲረዳ የደከመ ሰው ነው።

ለመምህሩም ልክ የሆነውን እንስጠው። ጃጋዲሽ በ1895 ካልካታ ውስጥ በሰዎች ፊት፣ በግድግዳ አልፎ በሚሄድ የማይታይ ሞገድ ደወል አስደውሏል፣ ባሩድ አፈንድቷል። የሞገዶቹ ርዝመት በሚሊ ሜትር የሚለካ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ የነበረ መስክ። በ1899 ያሳተመው የሜርኩሪ መቀበያ ማርኮኒ በ1901 አትላንቲክን ሲያሻግር ከተጠቀመበት ጋር እንደሚመሳሰል ከባድ ክርክር ቀርቧል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን መልእክት የሚያስተላልፍ የቴሌግራፍ ሥርዓት አልዘረጋም፣ ዓላማውም አልነበረም፤ ሐሳቡ ቶሎ ወደ ዕፅዋት ሄደ።

ይህን ሁሉ ለልጁ ባጭሩ ነገርኩት። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሰማኝና «ታዲያ ጋሼ፣ እኔ የሰማሁት ውስጥ ያልገባ ሌላ ቦስ አለ?» አለኝ። ቆንጆ ጥያቄ ነው። አለ፤ ራጅ ቻንድራ ቦስ፣ በ1901 የተወለደ የሒሳብ ሊቅ። በ1959 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ለመቶ ሰባ ዓመት ያህል የቆየው የሒሳብ ሊቁ የኦይለር ግምት ስሕተት መሆኑን አሳየ። በ1960 ደግሞ ከሬይቻውድሪ ጋር፣ መልእክት በመንገድ ሲበላሽ ተቀባዩ ራሱ የሚያርምበትን ኮድ አሳተመ፤ ፈረንሳዊው ኦኬንገም ትንሽ ቀድሞ ለብቻው ደርሶበት ስለነበር ኮዱ የሦስቱን ስም ይዟል።

ባንኮኒው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ የመክፈያ ኪውአር ነበር፤ አንዱ ጠርዙ ተልጧል፣ መሐሉ ላይ የቡና ጠብታ ደርቋል። ስልኬን ወደ እሱ አዞርኩ። ስልክ እንዲህ ያለውን ሥዕል ሲያይ መጀመሪያ ከሚያነባቸው ነገሮች አንዷ በሥዕሉ ማዕዘኖች ካሉት ትልልቅ ካሬዎች ጥግ ያለች የ15 ነጥቦች መስመር ነች። ቁም ነገሩ ያለው በ5ቱ ነው፤ ቀሪዎቹ 10 በነቦስ ኮድ የተጨመሩ ጠባቂዎች ናቸው፤ እስከ ሦስት ነጥብ ቢበላሽ ያቃናሉ። ስልኬ ጢን አለ፤ የሱቁ ስም ወጣ፤ ከፈልኩ።